ፈዲላ ለምን ቢጫ ሆነች

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ደሴ ብዙ ነገሯን ለውጣለች፤ ጭጋጓን ግን ማንም ሊያስተዋት አልቻለም። ሰኞ ጠዋት ዘሀራ እንድሪስ ከሸዋ በር ተነስታ ከጦሳ ሥር ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትወጣ፣ ከፊቷ ያለው መንገድ አሥር እርምጃ እንኳ አይታይም ነበር። ዘሀራ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። በሙያው ስድስት ዓመት ሠርታለች። በሥራ ምክንያት ትምህርት ቤት ስትገባ ግን የዚያን ዕለቱ የመጀመሪያዋ ነበር።

ይህ በዚያ ዘመን ማንንም አይገርምም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ሥራው ቢሮ ተቀምጦ መፈረም ነው። ልጆቹን የሚያያቸው አንባቢው ነው። አንባቢው በየክፍሉ ከጥቁር ሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ እያንዳንዱን ልጅ ከዓይኑ፣ ከትንፋሹና ከአቀማመጡ እያነበበ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ የክፍሉን ካርታ በቀለም ይዘረጋል። አረንጓዴ ልጅ ደህና ነው። ቀይ ልጅ ታሟል፤ ወደ ቤቱ ይላካል። ያስቸገረው ቢጫው ነው፤ አልታመመም፣ ደህናም አይባል። ሠላሳ የትምህርት ቀን ሙሉ ቢጫ ሆኖ የቆየ ልጅ ወደ ለብቻ ክፍል ይዛወራል።

ለብቻ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ፣ አንድ ወንበርና አንድ ስክሪን አለ። ምሳ በትንሽ መስኮት ይገባል። ክፉ ቦታ ነው የሚል ሰው የለም፤ ግድግዳው ሰማያዊ ነው፣ ሙቀቱ የተመጠነ ነው፣ እዚያ የገቡት ልጆች ውጤትም ከሌላው ይበልጣል። ልጃቸው ሲዛወር የሚያመሰግኑ ወላጆች ብዙ ናቸው። ከዚያ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር የተቀመጠ ልጅ ግን የለም። መመለስ ተከልክሎ አይደለም፤ ይመለስ ብሎ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው። ዘሀራ በስድስት ዓመት ውስጥ በሁለት መቶ አሥራ አራት ዝውውሮች ላይ ፈርማለች። አንዱንም ልጅ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ዘንድሮ አዲስ ነገር መጣ። መምህራን ስለ ልጆቻቸው የሚናገሩት እያጡ መሄዳቸው ታወቀ። ወላጅ መጥቶ ልጄ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ካርታውን ወደ እሱ ያዞርለታል እንጂ ቃል አይወጣውም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ከቢሮ ወጥተው ከመምህራን ጋር እንዲመካከሩ ተወሰነ፤ እንዴት እንደሚመከር ግን የሚያውቅ ጠፋ። ተፈልጎ ተፈልጎ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ብርነሽ አላምረው ዘንድ ተደረሰ። እሳቸውም ዱላቸውን ይዘው መጡና አሥራ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት በትምህርት ቤት የሚያልፉበት ስልጠና ጀመሩ። ያለፈ ከመምህራን ጋር ይሠራል፤ የወደቀ ወደ ፊርማው ይመለሳል። በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉ፦ ሥራችሁ ልጁን መርዳት አይደለም፣ ልጁ ዘንድ በየቀኑ የሚውለውን ሰው መርዳት ነው። ሰልጣኞቹ ሁሉ ጻፉት። ዘሀራ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፤ ያሰመርንበት ነገር ሁሉ የገባን ይመስለናልና።

መምህር ልሳኑ አበጋዝ የሦስተኛ ክፍል መምህር ናቸው። ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ሦስቱን በዚሁ ግቢ አሳልፈውታል። ዘሀራን በር ላይ ቆመው ተቀበሏት፣ ወንበራቸውን ለቀቁላት፣ ዶክተር አሏት። ዶክተር አይደለሁም ስትላቸው "እሺ ዶክተር" ብለው ቀጠሉ። የቢሮ ሰው የሚለውን መቃወም ያደጉበት አይደለም። የመጣውን ሁሉ ጎንበስ ብለው ይቀበላሉ፣ በር ድረስ ይሸኛሉ፣ እንግዳው ዞር ሲል ሁሉ ነገር እንደነበረው ይቀጥላል። በዚህ ዓይነት አምስት ርዕሰ መምህራንንና ሦስት ሥርዓተ ትምህርቶችን በሰላም ሸኝተዋል።

ክፍላቸው ውስጥ ሃያ አራት ልጆች አሉ። ሃያ ሦስቱ አረንጓዴ ናቸው። ሃያ አራተኛዋ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው የዘጠኝ ዓመቷ ፈዲላ አራጋው ናት፤ ቢጫ ከሆነች አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። ዘሀራ ስለ ልጅቷ እንዲነግሯት ስትጠይቃቸው መምህር ልሳኑ ወደ ጠረጴዛቸው አጎነበሱና ዜና እንደሚያነብ ሰው "ዓይን ከትምህርት ይሸሻል። ምላሽ ይዘገያል። ምክር፦ በጥያቄ አያስጨንቁ" አሉ። ሌላስ ስትላቸው ሌላ የለም አሏት።

እዚህ ላይ ነው ዘሀራ የተሳሳተችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስም ብቻ እያየች ስትፈርም የኖረች ሰው፣ ዛሬ ስሙ ቆሞ ሲሄድ አየች፤ ሁለት ጉንጉን ያለው፣ የሹራቡን እጅጌ የሚያኝክ ልጅ ሆኖ። አንጀቷ አልቻለም። መምህሩን ማማከር የሚባለውን ነገር ወደ ጎን አለችና ልጅቷን ራሷ ይዛ ወጣች። የስፖርት ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ኳሶቹ መሃል ቁጭ ብለው ሥዕል ሳሉ። ፈዲላ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀስ በቀስ ስለ አያቷ ባጃጅ መናገር ጀመረች። ዘሀራ የያዘችው አነስተኛ አንባቢ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ በራ። ማክሰኞም በራ፣ ረቡዕም በራ። ዘሀራ በደስታ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። ለመምህር ልሳኑ ስታሳያቸው እሳቸውም በጣም አመሰገኗት፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዶክተሯ ልጅቷን ለመውሰድ እንዳትቸገር ብለው የፈዲላን ወንበር ከመስኮቱ አንስተው በሩ አጠገብ አደረጉላት።

"እንግዲህ እርስዎ ይዘዋታል" አሏት፣ ሸክም እንዳወረደ ሰው።

ያን ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ለዘሀራ ከአንባቢው መልእክት መጣላት። አንባቢው ሦስቱን አረንጓዴዎች መዝግቦ ነበር። ልጅቷ ከክፍሏ ተለይታ ለብቻዋ ስትሆን ደህና ትሆናለች፤ ስለዚህ ለለብቻ ክፍል ተስማሚ ናት፤ ሠላሳውን ቀን መጠበቅ አያስፈልግም ይላል። የቀሩት አሥራ ሰባት ቀናት ወደ ሰባት ወረዱ። ዝውውሩ የሚመጣው ሳምንት አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሆነ።

ዘሀራ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ጥፋቱ የእሷ፣ ፍዳው የልጅቷ። ዝውውሩ ለመጨረሻ ፊርማ የሚመጣው ወደ ራሷ ቢሮ መሆኑ ደግሞ የባሰ አንገበገባት። አልፈርምም ብትል በሁለተኛው ቀን ወደ ሌላ ፈራሚ ይዞራል፤ ያም ሰው እሷ ስድስት ዓመት ስታደርግ እንደኖረችው ቀና ብሎ ሳያይ ይፈርማል።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ብርነሽ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉና፣ አንድ ባንድ አፍታተው አሳዩዋት። ልጅቷ ከእሷ ጋር ደህና መሆኗ ምንም አይጠቅምም፤ ዘሀራ በሳምንት ሦስት ቀን መጥታ የምትሄድ ናት፣ መምህሩ ግን በየቀኑ እዚያ ናቸው። ልጅቷን ከክፍሉ ስታወጣ ለመምህሩ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህቺ ልጅ ከእርስዎ አቅም በላይ ናት። እሳቸውም አመኗት፤ ወንበሩን በር ላይ ያደረጉት ለዚህ ነው።

"አሁን ምን ይሻላል?" አለች ዘሀራ።

ወይዘሮ ብርነሽ ዝውውርን ሊያስቆም የሚችል አንድ ወረቀት እንዳለ ነገሯት። ቅጽ ዘጠኝ ይባላል፤ የመምህር እይታ። መምህሩ በራሱ ዓይን ያየውን ጽፎ ከሥሩ ይፈርማል። በዞኑ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የተሞላው ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ነው። ዝውውሮችን የሚያሳልፈው የዞኑ ጉባኤ መምህሩን ጠርቶ ይጠይቀዋል፤ የራሱ ቃል ካልሆነ በሁለት ጥያቄ ያስለቅቀዋል።

"ስለዚህ ብዕሩን እንዳትነኪ" አሏት። "ልጅቷንም እንዳትነኪ። ጠይቂና ዝም በይ። ጠይቀሽ ስታበቂ በልብሽ እስከ አሥራ ሁለት ቁጠሪ፤ እኔ ባለሁበት ዘመን አሥራ ሁለት ላይ ሳይደርስ ያልተናገረ መምህር አልገጠመኝም።"

አርብ ዕለት በእረፍት ሰዓት ዘሀራ መምህር ልሳኑን ውጪ ወጥተን እንቀመጥ አለቻቸው። ካርታው ከሌለበት ቦታ መሆን ፈልጋ ነው። ከትምህርት ቤቱ ሻይ ቤት ሁለት ሻይና ሁለት ቦንቦሊኖ ይዘው ግቢው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው ልጆቹ ቢጫ ቢጫ ይጫወታሉ። በዚህ ጨዋታ አንድ ልጅ ይመረጥና መሬት ላይ በተሰመረ ክብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት እስከ ሠላሳ ይቆጥራሉ። ሠላሳ ሲሞላ ሁሉም ይሮጣሉ፤ የተቀመጠው አይሮጥም። ጨዋታው አሸናፊ የለውም፤ ልጆቹ ግን ይወዱታል። መምህር ልሳኑ ሻያቸውን እየጠጡ ያዩአቸው ነበር፤ በየቀኑ ስለሚያዩት ምንም አልመሰላቸውም።

ዘሀራ በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች። ልጅቷን ማውጣቷ ስህተት እንደነበር፣ በእሷ ምክንያት ቀኑ እንዳጠረ ነገረቻቸው። የቢሮ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ሰምተው ስለማያውቁ ቦንቦሊኖውን አፋቸው ድረስ አድርሰው መለሱት። ቀጥላ ፈዲላ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ፣ ምን ስትሰማ እንደምትስቅ፣ ምን ትምህርት እንደምትወድ ጠየቀቻቸው። አንዳንዱን በግምት መለሱ። ዓይኗ ከትምህርት ይሸሻል ብለው ሊጀምሩ ሲሉ ራሳቸው ሰሙትና አቆሙ።

"ጥያቄ የጠየቋትስ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው?" አለች ዘሀራ።

"ትናንት። ትናንት መሰለኝ። ወይም ሰኞ።"

ዘሀራ ዝም አለች። በልቧ መቁጠር ጀመረች። አራት ላይ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰባት ላይ ዘሀራ ራሷ አፏን ልትከፍት ምንም አልቀራት፤ ለሰው መልስ መስጠት የለመደ ሰው ዝምታ እንደሚያቃጥለው ያን ዕለት አወቀች። አሥራ አንድ ላይ መምህር ልሳኑ ሻዩን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ።

"አላውቅም" አሉ። "እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም።"

አንባቢው ልጆቹን እንጂ መምህሩን አያነብም፤ ስለዚህ ማንን ጠይቀው ማንን እንደተዉ የሚነግራቸው አልነበረም። ትንሽ አሰቡና መቁጠር እንደሚቻል የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ዘሀራ "እንዴት?" ብቻ አለች። ለሳይንስ ትምህርት ሊያስበቅሉት ያመጡት ባቄላ ክፍል ውስጥ አለ፤ አሥር ፍሬ በቀኝ ኪሳቸው ይይዛሉ፣ ፈዲላን በጠየቁ ቁጥር አንዱን ወደ ግራ ኪሳቸው ያዞራሉ። ለሌሎቹ ልጆች ደግሞ ወረቀት ላይ ጭረት ይጭራሉ። ዘሀራ ጥሩ ነው ብላ ሌላ ሳትጨምር ተነሳች። በመንገዷ ሁሉ ሌላ የተሻለ ዘዴ ልነግራቸው ይገባ ነበር እያለች ራሷን ስትበላ ዋለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ መምህር ልሳኑ ከእሷ ቀድመው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሻይም አልያዙም። እጃቸውን ቀኝ ኪሳቸው ከተው ባቄላዎቹን አወጡና አንድ ባንድ አግዳሚው ላይ ደረደሯቸው። አሥር ነበሩ። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ እስከ እረፍት አንድም ወደ ግራ ኪስ አልተሻገረም። ወረቀቱ ላይ ከሌሎቹ ሃያ ሦስት ልጆች ሁለት ጭረት ያልደረሰው የለም።

"ሰኞ ጠዋት ባቄላውን ኪሴ ስከት፣ ዛሬ አሥሩም ያልቃል ብዬ ነበር" አሉ። "እጄ ወደ እሷ ሊዘረጋ ሲል ካርታውን አያለሁ። አታስጨንቅ ይላል። ለእሷ የማዝን እየመሰለኝ አልፋታለሁ። አየሽ፣ እኔ ነኝ ዓይኔን የነሳኋት። ልጅቷ መስኮቱን ብታይ ምን ይገርማል? ከእኔ የተሻለ የሚያያት መስኮቱ ነው።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዘሀራ አንቺ እንዳሏት ሰማች፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም፣ እሷም እንዳልሰማ ሰው አለፈችው። ደረቷ ውስጥ ያለው ነገር እፎይታ ይሁን ሐዘን አልለየላትም። ልጅቷ ቢጫ ስለሆነች አትጠየቅም፤ ስለማትጠየቅ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ቢጫ ትሆናለች። የሁለት መቶ አሥራ አራቱስ ነገር እንዴት ነበር? የራሷን ሐሳብ ለሌላ ጊዜ አቆየችውና ወደ መምህሩ ተመለሰች፤ የቀሩት ሁለት ቀናት ነበሩ። ነገ እንዲህ ያድርጉ የሚል ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ዋጠችው።

"ምን አሰቡ?" አለቻቸው።

"እጠይቃታለኋ።"

"ካርታው አያስጨንቁ ካለስ?"

"ይበል እንጂ" አሉ መምህር ልሳኑ፣ ባቄላዎቹን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ።

ሐሙስ የሆነውን ዘሀራ በዓይኗ አላየችም፤ ልጅቷን እንዳትነኪ ስለተባለች ክፍል አልገባችም። መምህሩ ናቸው እረፍት ላይ እየተጣደፉ መጥተው የነገሯት። ጠዋት በመጀመሪያ የፈዲላን ወንበር ከበሩ አንስተው ወደ ቦታዋ መለሱት። ከዚያ ሒሳብ ላይ ጠየቋት፤ ተነሳች፣ ዝም አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ማስጠንቀቂያው ብልጭ ድርግም አለ። መምህሩ ጠበቁ፤ ዘሀራ እሳቸውን እንደጠበቀቻቸው። ልጅቷ ድምጿ በቅጡ ሳይሰማ መለሰችና ተቀመጠች። ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። ኅብረተሰብ ትምህርት ላይ የቦርከና ወንዝ ወዴት ይፈስሳል ብለው ጠየቋት። ወደ አዋሽ አለች። ጎበዝ፣ ተቀመጪ ሊሏት ሲሉ አልተቀመጠችም።

ቶሎ ግን አይደርስም አለች። ጨፋ ሲደርስ ረግረጉ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ ወፎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ከዚያ ነው ተነስቶ የሚሄደው። አያቷ በባጃጅ ወስዶ አሳይቷታል። ከኋላ ያለ ልጅ ወንዝ ይተኛል እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ ፈዲላ ወደ እሱ ዞራ በእጇ እያሳየች አስረዳችው። ልጆቹ ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። መምህር ልሳኑ ወደ ካርታው አጎነበሱ። ቢጫ ነበረች። ቀና አሉ፤ ልጅቷ እየተናገረች ነው። እንደገና አጎነበሱ፤ ቢጫ ነበረች።

"ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ" አሏት ለዘሀራ። "የምትማር ልጅ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። አውቅ እንደነበር ረስቼው ነው።"

አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ርዕሰ መምህሯ ቅጽ ዘጠኝን ፈልገው አስገኙ። መኖሩን ራሳቸውም አያውቁም ነበር። ጉባኤው አምስት ሰዓት ላይ በስክሪን ይሰበሰባል። መምህር ልሳኑ ባዶውን ቅጽ ስክሪን ላይ ሲያዩ የሐሙሱ ወኔያቸው ከዳቸው። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ። ሃያ ዓመት ያህል ስለ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው አያውቁም፤ ሁሉን የሚጽፈው አንባቢው ነበር።

"ባክሽ አንቺ ጻፊውና እኔ ልፈርም" አሏት ለዘሀራ። "አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ቃሉን ታሳምሪዋለሽ።"

ዘሀራ በሩብ ሰዓት ጽፋ ልትጨርሰው ትችላለች፤ ምን ብላ እንደምትጽፍም ታውቃለች። ሰዓቱን አየች። እሷ ብዕሩን ከያዘች ግን የጉባኤው ሰዎች ጠርተው ሲጠይቋቸው መምህሩ የሚመልሱት የእሷን ቃል ነው፤ የእሷ ቃል ደግሞ አንዴ ሲገፋ ይወድቃል። ካልያዘችውና መምህሩ ካልቻሉበት ልጅቷ ስድስት ሰዓት ላይ ሰማያዊው ግድግዳ ውስጥ ናት። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ወይዘሮ ብርነሽ ብዕሩን እንዳትነኪ ያሏት ይህንን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

"እኔ አልጽፍም መምህር" አለች። "ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም። ያየሁት ነገር የለም።"

መምህር ልሳኑ ተቀይመው አዩአት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጧትና አጎነበሱ። መጀመሪያ ልጅቷን ሳልጠይቃት ቆይቻለሁ ብለው ጻፉ። ቀጥሎ ያለው ቀስ እያለ መጣ፤ ባቄላውን ጻፉ፣ ወንበሩን ጻፉ፣ ቦርከናን ጻፉ። ሁለት ቦታ ፊደል ስተዋል፤ ዘሀራ ከኋላ አየችው እንጂ አላረመችም። የመረጃ ምንጭ የሚለው ላይ ሲደርሱ ምርጫ ቀረበላቸው፤ አንባቢ፣ የጤና መዝገብ፣ ሌላ። ሌላ የሚለውን ነኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ታዩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በቀን ሃምሳ ዝውውር የሚያሳልፉ፣ የደከማቸው ሰዎች ነበሩ። መሃል ላይ ያለው ሰው ቅጹን ወደ ላይና ወደ ታች አመላለሰው።

"የመረጃ ምንጭዎ ሌላ ይላል። ሌላ ማለት ምንድን ነው?"

"ዓይኔ" አሉ መምህር ልሳኑ።

ከሦስቱ አንዷ ወደ ሌላ ስክሪን ዞር ብላ አየችና አንባቢው ትናንትም፣ አሁንም ቢጫ እንደሚል ነገረቻቸው።

"አዎ፣ ይላል። ቆማ ስለ ቦርከና ስታስረዳም ቢጫ ይል ነበር። እሱ ያነበበውን እናንተ ዘንድ መዝግባችኋል፤ እኔ ያየሁትን ደግሞ እኔ ጽፌአለሁ።"

"ከተሳሳቱስ?"

መምህሩ እንዳላችሁት ብለው ጎንበስ የሚሉበት ቦታ ይህ ነበር፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያደርጉት የኖሩት እሱን ነው። መምህር ልሳኑ ጎንበስ አላሉም።

"ከተሳሳትኩ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ስሜ ከሥር አለ። ልጅቷ ክፍሌ ትቆይ። ከተሳሳትኩ እያየኋት አርመዋለሁ፤ ከወሰዳችኋት ግን በምን አያታለሁ?"

ሦስቱ ሰዎች ተያዩ። አንደኛው ደንቡን ማገላበጥ ጀመረ። መምህሩ በእይታው ከጸና ዝውውሩ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቆማል የሚል አንቀጽ ተገኘ፤ የሚጠቀምበት ስላልነበረ የሻረውም አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲቀር ዝውውሩ ቆመ። መምህር ልሳኑ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ለማንም ምንም ሳይሉ፣ ልጆቹ ምሳ ሳይወጡ ልድረስ ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ርዕሰ መምህሯ ባዶውን ወንበር እያዩ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ዘሀራ ቢሮዋ ገብታ የሁለት መቶ አሥራ አራቱን ልጆች ዝርዝር አወጣች፤ ከየትኛው ክፍል እንደወጡና መምህራቸው ማን እንደነበር መለየት ጀመረች።

በሳምንቱ ሐሙስ ወይዘሮ ብርነሽ ለምዘና መጡ። የስልጠናው የመጨረሻ ፈተና መምህሩን መጠየቅ ነው፤ ሰልጣኟ አጠገብ ትቀመጣለች፣ አትናገርም። አግዳሚው ላይ ሦስቱም ተደረደሩ። ወይዘሮ ብርነሽ ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ይህቺ ባለሙያ ምን ያህል እንደረዳቻቸው መምህር ልሳኑን ጠየቋቸው።

መምህር ልሳኑ ዘሀራን አዩአት። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሊዋሹም ሊያስከፏትም አልፈለጉም።

"ደህና ልጅ ናት" አሉ። "ሥራዋን ለመንቀፍ አይደለም እንጂ... እውነቱን ከጠየቁኝ ያደረገችው ነገር የለም። ትመጣለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ አንዳንድ ነገር ትጠይቃለች። እንዲያውም ቅጹን ጻፊልኝ ብያት እምቢ ብላኛለች። ልጅቷን አይቼ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ጉባኤው ፊት የቆምኩትም ብቻዬን ነው።"

"ብቻዎን?" አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

"ብቻዬን።"

ዘሀራ ሳቋን ለመደበቅ አጎነበሰችና የጫማዋን ማሰሪያ ፈታ እንደገና አሰረችው። ወይዘሮ ብርነሽ ፊታቸው ምንም ሳይለወጥ ደብተራቸው ላይ አንድ ቁጥር ጻፉ፤ ከመቶ መቶ ነበር። ደወል ተደወለ። መምህር ልሳኑ ተሰናብተው ጥቂት ሄዱና እንደ ረሳ ሰው ቆም ብለው ወደ ዘሀራ ዞሩ።

"ሰኞ ትመጫለሽ አይደል?" አሏት። "ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ አረንጓዴ ልጅ አለ። ሰሞኑን ሳየው አረንጓዴነቱ አልጥም ብሎኛል፤ የምናማክርሽ ሰዎች ሁለት ሆነናል፣ የአራተኛ ክፍሏም መምህርት ልምጣ ብላለች።"